ኤንሸንት፣ አርኬይክ፣ ፕራይሚቫል፦ የእንግሊዝኛን የጥንት ዘመን ቃላት ከሥራቸው የመረዳት መመሪያ

እንግሊዝኛ ለ«ጥንት» የቃል ድሃ አይደለም። ኤንሸንት አለ፣ አንቲክ አለ፣ አርኬይክ፣ ፕራይሚቫል፣ ፕራይሞርዲያል፣ ፕሪሚቲቭ፣ ፕሪሂስቶሪክ፣ ሜዲቫል እያለ ይቀጥላል። ወደ አማርኛ ሲመጡ ግን አብዛኞቹ «ጥንታዊ» በሚለው አንድ ቃል ይጠቃለላሉ። ጣጣው የሚጀምረው ወደ እንግሊዝኛ ስንመለስ ነው። ጥንታዊ ያልነው ሁሉ ኤንሸንት ይሆናል። የአክሱም ሐውልት ኤንሸንት፣ ላሊበላ ኤንሸንት፣ የፋሲል ግንብ ኤንሸንት፣ ሉሲም ኤንሸንት።

በእንግሊዝኛ ታሪክ ያነበበ ሰው አራቱን በአንድ ቃል አይጠራም። የአክሱም ሐውልቶች ኤንሸንት ናቸው፣ እሱ ልክ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ግን ብዙ ጊዜ በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለሚመደቡ ሜዲቫል ይባላሉ። ፋሲለደስ የነገሠው በ1632 ነው። ስለዚህ ግንቡ ኤንሸንትም ሜዲቫልም አይደለም። ሉሲ ደግሞ ጽሑፍ ከመፈጠሩ እጅግ ስለምትቀድም ፕሪሂስቶሪክ ናት።

ይህን ሁሉ መሸምደድ ይቻላል። እኔ አልመክርም፣ የሸመደዱት ነገር ቶሎ ይጠፋል። የተሻለው መንገድ የቃሉን ሥር መቆፈር ነው። ከሥሩ ያለውን ሥዕል አንዴ ያየ ሰው ቃሉን የት እንደሚያስገባው ብዙም አይቸገርም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለተማሪም፣ ለተርጓሚም፣ ለአስጎብኚም ይሠራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ዓይነት መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይሁን። አንዱ ለተማሪ የተዘጋጀው ነው። እሱ ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን ፍቺ ያስቀድማል። ሌላው ታሪካዊ መዝገበ ቃላት ነው። እሱ ደግሞ የቆየውን ፍቺ አስቀድሞ አዲሱን ያስከትላል። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከዚህ ወገን ነው። የመጀመሪያው ክፍሉ በ1884 ወጣ፣ ሥራው ያለቀው በ1928 ነው። ሙሉውን በኢንተርኔት ለማየት ክፍያ ይጠይቃል። በብሪታንያ የምትኖሩ ግን ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአባልነት ካርድ ያስገቧችኋል። ሌሎቻችሁ ነጻ የሥርወ ቃል ድረ ገጾችን ተጠቀሙ።

በእነዚህ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሁለት ምልክቶች ይገጥሟችኋል። ወደ ግራ የምታመለክተው የቀስት ጫፍ (<) «ከዚህ የመጣ» ማለት ናት። ከቃሉ ፊት ያለችው ኮከብ (*) ደግሞ «ይህ ቃል ተጽፎ አልተገኘም፣ ሊቃውንት ልጆቹን ቃላት አነጻጽረው የገመቱት ነው» ማለት ናት። ኮከቧን ችላ አትበሉ። ኮከብ ያለበት ቃል ግምት ነው፣ ጠንካራ ግምት ቢሆንም።

1. ቃሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ

የእንግሊዝኛ የጥንት ቃላት ከሦስት ወገን ይመጣሉ። የመጀመሪያው የራሱ ነው። አንግሎ ሳክሰኖች በ5ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ብሪታንያ ይዘውት የገቡት የጀርመን ቋንቋዎች ዘመድ ነው። ኦልድ፣ ኤልደር፣ ዮር፣ አጎ እና ኧርሊ ከዚህ ይወለዳሉ። ሁለተኛው ላቲን ነው፣ ብዙው በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ኤንሸንት የገባው በዚህ በር ነው። ሦስተኛው ግሪክ ነው። አርኬይክ፣ አርኪዮሎጂ፣ ፓሊዮሊቲክ፣ ኢዮሲን ሁሉ የእሱ ናቸው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? አጭር፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ክፍለ ድምፅ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራሱ የእንግሊዝኛው ነው። «ፕራይም»፣ «ፕሪ» ወይም «አንቲ» ብሎ ከጀመረ ወደ ላቲን ተመልከቱ። «አርኬ»፣ «ፓሊዮ»፣ «ኒዮ» ወይም «ኢዮ» ካለበት ግሪክ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ወገኑ ቃናውን ይነግራችኋል። የእንግሊዝኛው ቃል የቤትና የተረት ነው። የላቲኑ የታሪክና የመጽሐፍ ነው። የግሪኩ የሳይንስና የሙዚየም ነው። ስለ አያቱ ቤት የሚያወራ ሰው «ኦልድ» ይላል። ስለ ሮም ፍርስራሽ የሚጽፍ «ኤንሸንት» ይላል። የድንጋይ መሣሪያ የቆፈረ ደግሞ «ፓሊዮሊቲክ» ይላል። ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን አሥር ጊዜ ሞክራችሁት ብዙውን ጊዜ ያዋጣችኋል።

2. ቃሉን በመገጣጠሚያው ቁረጡት

ባዕድ መነሻውን፣ ሥሩንና ባዕድ መድረሻውን ለዩ። በፕራይሚቫል ጀምሩ። «ፕሪሙስ» በላቲን «አንደኛ» ነው። «ኤቩም» ደግሞ «ዘመን» ነው። ስለዚህ ፕራይሚቫል «የመጀመሪያው ዘመን» ማለት ነው። አሁን ሜዲቫልን ቁረጡ። «ሜዲዩም ኤቩም»፣ «መካከለኛው ዘመን»። መጨረሻቸው ላይ ያለችው «ቫል» አንድ ናት። ይህን ካወቃችሁ የሁለቱን አጻጻፍ አትስቱም። ብዙ ተማሪ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ጭምር፣ ሜዲቫልን «ኢቭል» ብሎ ይጨርሰዋል። ክፋት ከሚለው ቃል ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም።

«ኤቩም» ራሱ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። በየቀኑ የምንሰማው «ኤቨር» የእሱ የሩቅ ዘመድ ነው። በግሪክ በኩል ደግሞ «ኢዮን» አለ፣ የጂኦሎጂ ሰዎች ትልቁን የዘመን ክፍል የሚጠሩበት።

ፕራይሞርዲያል ሲቆረጥ ያምራል። «ፕሪሙስ» ከፊት አለ። ከኋላው የቀረው «ኦርዲሪ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ኦርዲሪ «ጀመረ» ማለት ነው፣ ግን መጀመሪያ የሸማኔ ቃል ነበር። ሸማኔው ማጉን ከመወርወሩ በፊት ድሩን ሲያደራ፣ ያ ሥራ ኦርዲሪ ይባላል። ፕራይሞርዲያል እንግዲህ «ድሩ ገና ሲደራ የነበረ» ነው። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች ሕይወት ስለ ተገኘበት ስለዚያ የመጀመሪያ ባሕር ሲጽፉ ይህን ቃል የሚወዱት። ፕራይሚቫል የድሮ ጫካን ያስታውሳል። ፕራይሞርዲያል ግን ነገር ሁሉ የተሠራበትን ጥሬ ዕቃ ያስታውሳል። ጫካውን ፕራይሞርዲያል ብትሉት ስህተት አይሆንም፣ ፕራይሚቫል ግን የለመደ ጆሮ የሚጠብቀው ነው።

ስትቆርጡ መገጣጠሚያውን በግምት አትፍጠሩ። ፕሪሂስቶሪክ «ፕሪ» እና «ሂስቶሪያ» ነው። ሂስቶሪያ በግሪክ «መርምሮ ማወቅ» ማለት ነው። «ሂስቶሪ»ን «ሂዝ ስቶሪ» ብለው፣ «የእሱ ወሬ» አድርገው የሚቆርጡት አሉ። ለቀልድ ጥሩ ነው። ለሥርወ ቃል አይሆንም።

3. ከሥሩ ያለውን ሥዕል ፈልጉ

ይህ የሥራው ልብ ነው። ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ቋንቋ ሁሉ ስለ ጊዜ ሲያወራ ከሚታይ ነገር ይበደራል። የትኛው ቃል ከምን እንደተበደረ ስታውቁ ልዩነታቸው ይገለጣል።

በትልቁ ቤተሰብ ጀምሩ፣ በ«አንቴ»። በላቲን «በፊት» ማለት ነው፣ በቦታም በጊዜም። ከዚያ ወደ ኋላ የተገመተው ሥር ትርጉሙ «ፊት፣ ግንባር» ነው። ያለፈው ጊዜ ከፊት ለፊት ያለው ነው ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ቀደመ» ስንል በመንገድ ከፊት ሆነ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ግን «ቀድሞ»፣ «ቀደምት» እና «ቅድመ አያት» ይወጣሉ። ላቲኑም ይኸው ነው ያደረገው።

ከአንቴ የተወለዱትን ተመልከቱ። በኋላ ላቲን ላይ «ከበፊት የሆነ» የሚል ቅጽል ተሠራ። በፈረንሳይኛ «አንሲየን» ሆነ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጨረሻው ላይ «ት» አልነበረችም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በ«ኤንት» የሚያልቁ ሌሎች ቃላትን ጆሮ ስለለመደ ተጨመረች። ኤንሸንት የሆነው እንዲህ ነው። ያቺ «ት» ላቲን ውስጥ ብትፈልጓት አታገኟትም።

ሁለተኛው ልጅ «አንቲኩዉስ» ነው፣ «የበፊት፣ የድሮ»። ከእሱ አንቲክ ወጣ። አንቲክ ዕቃ የምንለው ይኸው ነው። ከዚሁ ላቲን በጣሊያንኛ በኩል የመጣ ሌላ ወንድም አለ፣ «አንቲክስ»። ትርጉሙ ግን «የማይረባ ቀልድ፣ የቂል ሥራ» ነው! ጥንት እንዴት ቂልነት ሆነ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሮም ከመሬት ሥር የተቀበሩ የጥንት ሕንጻዎች ተገኙ። ግድግዳቸው ላይ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ፣ ግማሽ ቅጠል የሆኑ ሥዕሎች ነበሩ። ጣሊያኖች «አንቲኮ»፣ የጥንት ሥራ፣ አሏቸው። እንግሊዞች ቃሉን ሲወስዱት ዘመኑን ትተው አስቂኝነቱን ወሰዱ። በዚሁ ምክንያት ከ«ግሮታ»፣ ከዋሻ፣ «ግሮተስክ» የሚለው ቃል ተወለደ። ሥዕሎቹ ዋሻ በመሰለ ጉድጓድ ውስጥ ነበርና የተገኙት።

ሌላው ሥዕል «መጀመሪያ» ነው። ግሪኩ «አርኬ» መጀመሪያም ነው፣ አለቅነትም ነው። የጀመረ ይመራል የሚል ሐሳብ አለበት። አርኬይክና አርኪዮሎጂ የመጀመሪያውን ትርጉም ወሰዱ። «አርክኤንጅል»፣ ሊቀ መላእክት የምንለው፣ ሁለተኛውን ወሰደ። «አርካይቭ»ም ከመንግሥት ቤት የመጣ ነው፣ የሹማምንቱ ሰነድ የሚቀመጥበት። የእኛ «ጥንት»ም ከዚህ ሥዕል ይቀርባል። በግእዝ ጥንት «መጀመሪያ፣ መነሻ» ነው። መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለት የሚባለው ቀኑ ስላረጀ አይደለም፣ የመነሻው ቀን ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ሥዕል «ማደግ» ነው። ኦልድ ሥሩ «ማደግ፣ መመገብ» ነው። ያደገ ሰው ኦልድ ነው። በላቲን በኩል «አደልት» የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ደስ የሚለው ግን «ወርልድ» ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ወር» ሰው ነው፣ ሁለተኛው ክፍል «ዕድሜ» ነው። ወርልድ፣ «የሰው ዕድሜ»። ዓለም የሚለው ቃል ራሱ የዘመን ቃል ነበር ማለት ነው። ያ «ወር» ዛሬ ብቻውን ሞቷል። «ወርዎልፍ» በሚለው፣ ሰው ሆኖ ጅብ እንደሚሆነው በእነሱ ደግሞ ተኩላ በሚሆነው ፍጡር ስም ውስጥ ግን አለ።

«ዮር» ከ«ዓመት» ይመጣል። «ዴይዝ ኦቭ ዮር» የሚሉት «ያ የዓመታት ዘመን» እንደማለት ነው። ላቲንም አሮጌን «ቬቱስ» ሲል ከዓመት ነው የወሰደው። ከእሱ «ቬተራን» መጣ። «አጎ» ደግሞ «ሄደ» ነው። «ሎንግ አጎ» ማለት በመነሻው «ረጅም ጊዜ ሄዷል» ነው። «ኧርስትዋይል» የምትባለዋን ቃል በጋዜጣ ካገኛችሁ፣ «ኧርስት» የ«ኧርሊ» እህት ናት፣ «ከሁሉ አስቀድሞ»። ዛሬ ቃሏ «የቀድሞ» ሆና ትሠራለች፣ ስለ ቀድሞ ሸሪክ ወይም ስለ ቀድሞ ሚኒስትር።

አራተኛው ሥዕል «ንጋት» ነው። ግሪኮች «ኤኦስ» ይሉታል። እሱን ለደረጃ 4 አቆዩት።

4. የእያንዳንዱን ፍቺ ዕድሜ ፈትሹ

ሥር ትርጉም አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሥሩን አግኝቶ ዛሬም ያንኑ ማለት ነው ብሎ ይደመድማል። ታሪካዊው መዝገበ ቃላት በየፍቺው ፊት ዓመት የሚጽፈው ለዚህ ነው።

ፕሪስቲንን ተመልከቱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ «የቀድሞ፣ የመጀመሪያው» ብቻ ነበር። «ንጹሕ፣ ያልተነካ» የሚለው ፍቺ የገነነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው «ፕሪስቲን» ሲል ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል ማለቱ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ ላይ ካገኛችሁት ግን «የቀድሞው» ብላችሁ ተርጉሙ።

ፕሪሚቲቭ የሄደው በተቃራኒው ነው። ድሮ ክብር ነበረው። የአውሮፓ ተሐድሶ ሰዎች «ፕሪሚቲቭ ቸርች» ሲሉ የሐዋርያትን ዘመን ንጹሕ ቤተ ክርስቲያን ማለታቸው ነበር። በኋላ «ኋላ ቀር» የሚል ትርጉም ተጣበቀበት። አሁን ስለ ሰው ወይም ስለ ሕዝብ ከተናገራችሁት ስድብ ነው። ስለ መሣሪያ ወይም ስለ ነፍሳት ክንፍ ብትሉት ችግር የለውም። እኔ በትርጉም ሥራ ላይ ለሰዎች ጨርሶ አልጠቀምበትም።

አንዳንዶቹ ቃላት ደግሞ ስለ ጥንት ያወራሉ እንጂ ራሳቸው ትናንት የተወለዱ ናቸው። ሜዲቫል የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን የኖረ አንድም ሰው «እኔ ሜዲቫል ነኝ» አላለም። መካከል ለመሆን ሁለተኛው ጫፍ መታወቅ አለበት። ፕሪሂስቶሪክም እንዲሁ ነው።

ይህ በአጋጣሚ አይደለም። አየርላንዳዊው ጳጳስ ጄምስ አሸር በ1650 ዓለም የተፈጠረው በ4004 ቅድመ ልደት ነው ብሎ አሰላ። በእኛ ባሕረ ሐሳብ 5500 ዘመን እንደሚባለው ማለት ነው። ዘመኑ በሙሉ መጽሐፍ ውስጥ ካለ፣ ከታሪክ በፊት ለሚለው ቃል ምን ያስፈልገዋል? ሰው ከመሬት ሥር መቆፈር ሲጀምር ግን ቃል አጠረው። በ1830ዎቹ ቻርልስ ላይል የድንጋይ ንጣፎችን በውስጣቸው ባሉ ቀንድ አውጣዎችና ዛጎሎች ደረጃ ሰጣቸው። ዛሬም በሕይወት ያሉ ዓይነቶች በጣም ጥቂት የሚገኙበትን «ኢዮሲን» አለው፣ «የአዲሱ ንጋት»። ያ ያቆየነው ኤኦስ ነው። ብዙ የሚገኙበትን ደግሞ «ፕሊዮሲን» አለው፣ «የበለጠ አዲስ»። ሉሲ የኖረችው በፕሊዮሲን ነው።

በኮፐንሃገን ክርስቲያን ቶምሰን የሙዚየሙን ዕቃ በድንጋይ፣ በነሐስና በብረት ዘመን ከፍሎ ማብራሪያውን በ1836 አሳተመ። ዳንኤል ዊልሰን በ1851 ስለ ስኮትላንድ በጻፈው መጽሐፍ ፕሪሂስቶሪክ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አስተዋወቀ። ጆን ለቦክ በ1865 የድንጋዩን ዘመን ለሁለት ከፈለው። «ሊቶስ» በግሪክ ድንጋይ ነው። «ፓላዮስ» አሮጌ ነው። «ኔዎስ» አዲስ ነው። አሮጌው ድንጋይ ፓሊዮሊቲክ፣ አዲሱ ድንጋይ ኒዮሊቲክ። ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ነው የፈጀው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምንሸመድዳቸው ቃላት ከዚያ ጊዜ የወጡ ናቸው።

5. ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ተመልከቱ

ሥሩንም ዕድሜውንም ካወቃችሁ በኋላ የተማሪውን መዝገበ ቃላት ክፈቱና ምሳሌዎቹን አንብቡ። ከየትኛው ስም ጋር ይመጣል? ኤንሸንት ከግሪክ፣ ከሮም፣ ከግብፅና ከፍርስራሽ ጋር ይውላል። አንቲክ ከወንበር፣ ከሰዓትና ከጌጥ ጋር። ኤንሸንት ወንበር ካላችሁ ከመቃብር የወጣ ይመስላል።

አንቲክ አንዳንድ ቦታ በሕግም ልክ አለው። በአሜሪካ የጉምሩክ ታሪፍ ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ ዕቃ ነው በአንቲክነት የሚመደበው። ከዚያ በታች ላለው ነጋዴዎች «ቪንቴጅ» ይላሉ። ቪንቴጅ በመነሻው ወይን ለቀማ ነው። የአንድ ዓመት ምርት ማለት ሆነ፣ ከዚያ ጥሩ ዓመት፣ ከዚያ የድሮ ጥሩ ነገር። የሴት አያታችሁን የድሮ ቀሚስ ኢንተርኔት ላይ ልትሸጡ ካሰባችሁ ቪንቴጅ በሉት።

አርኬይክ ሁለት የተለዩ ሥራዎች አሉት። በግሪክ ታሪክ ውስጥ ከ8ኛው እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት መጀመሪያ ያለውን ዘመን ይጠራል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ደግሞ ምልክት ነው። አንድ ቃል አርኬይክ ከተባለ አርጅቷል ግን በጸሎትና በግጥም ይኖራል። «ኦብሶሊት» ከተባለ ግን ሞቷል። አርኬይክ የሚል ምልክት ያለበትን ቃል በሥራ ማመልከቻ ላይ አትጻፉ።

አንድ ሐረግ ልዩ ቦታ ይሰጠው፣ «ታይም ኢሜሞሪያል»። «ሰው የማያስታውሰው ዘመን» ማለት ነው፣ «ከጥንት ከጠዋቱ» እንደምንለው። በእንግሊዝ ሕግ ግን ቁርጥ ያለ ቀን አለው። በ1275 የወጣው የዌስትሚንስተር ድንጋጌ የሕግ ትውስታን ወሰን ቀዳማዊ ሪቻርድ በነገሠበት በ1189 ላይ አቆመው። ከዚያ በፊት የነበረ መብት ከማይታወስ ዘመን እንደመጣ ይቆጠራል። የማይታወሰው ዘመን ዓመተ ምሕረት ተቆርጦለት ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

6. ሁሉንም በአንድ ቃል ላይ ሞክሩ

«አንቲዲሉቪያን» የሚለውን እንውሰድ። ወገኑ? «አንቲ» ብሎ ይጀምራል፣ ረጅም ነው፣ ላቲን። ስትቆርጡት ግን ተጠንቀቁ። በእንግሊዝኛ ፊደል አራተኛዋ «ኢ» ናት ወይስ «አይ»? «አይ» ብትሆን ግሪኩ «አንቲ» ነው፣ «ተቃራኒ»። እዚህ ያለችው «ኢ» ናት፣ ስለዚህ ላቲኑ «አንቴ» ነው፣ «በፊት»። የቀረው «ዲሉቪዩም» ነው፣ ጎርፍ። ሥዕሉ ተገለጠ፣ ከማየ አይኅ በፊት፣ ከኖኅ ውኃ በፊት።

ዕድሜው? በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ የተሠራ ነው። ሐኪሙና ጸሐፊው ቶማስ ብራውን በ1646 ባሳተመው ሥራ ላይ ይገኛል። ያኔ ቁም ነገር ነበር። ማቱሳላ በኖረበት ዘመን ሰው ስንት ዓመት ይኖር ነበር ብለው የሚመራመሩበት ቃል ነው። በኋላ የድንጋይ ጥናት ሲያድግ የጎርፉ ነገር ከሳይንስ ወጣ፣ ቃሉም ወደ ቀልድ ወረደ። አሁን ከማን ጋር ይውላል? ከአሮጌ ኮምፒውተር፣ ከማይለወጥ የቢሮ አሠራር፣ ከአለቃ አስተሳሰብ ጋር። ወደ አማርኛ ስትመልሱት «ጥንታዊ» ካላችሁ ቀልዱ ይሞታል። «የኖኅ ዘመን ኮምፒውተር» በሉት።

7. መዝገበ ቃላቱ ላቲንና ግሪክ ሲያልቅበት

የሳይንስ ስሞች ብዙ ጊዜ የተዳቀሉ ናቸው። «አውስትራሎፒቴከስ» ግማሹ ላቲን ነው፣ «ደቡባዊ»፣ ግማሹ ግሪክ ነው፣ «ዝንጀሮ»። ስሙን በ1925 ያወጣው ሬይመንድ ዳርት በደቡብ አፍሪካ የተገኘ የሕፃን ራስ ቅል ይዞ ስለነበር ደቡባዊ አለው። ሉሲ በ1974 በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐዳር ስትገኝ ግን «ደቡባዊ» የሚለው ስም ተከትሏት መጣ። ሥርና እውነታ እንዲህ የሚለያዩበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን ስሞች በግሪክ ብቻ ልትቆርጧቸው አትችሉም። «አርዲፒቴከስ ራሚደስ» የሚለውን ተመልከቱ። መካከለኛ አዋሽ ውስጥ አራሚስ በሚባል ቦታ የተገኘ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ፍጡር ነው። «ፒቴከስ» ግሪክ ነው። «አርዲ» ግን አፋርኛ ነው፣ መሬት። «ራሚድ»ም አፋርኛ ነው፣ ሥር። በ1999 በተሰየመው «አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ» ውስጥ ያለው «ጋርሂ» በአፋርኛ «ድንገቴ» ነው። እዚያው መካከለኛ አዋሽ ውስጥ ሄርቶ በሚባል ቦታ ለተገኘውና 160,000 ዓመት ገደማ ላለው ሰው በ2003 የተሰጠው «ኢዳልቱ» ደግሞ «ሽማግሌ፣ ታላቅ» ነው። ትርጉሙ ከኤልደር ጋር አንድ ነው።

እንዲህ ያለ ስም ሲገጥማችሁ ተራውን መዝገበ ቃላት ዝጉና ስሙ መጀመሪያ የወጣበትን የጥናት ጽሑፍ ፈልጉ። አዲስ ዝርያ የሚሰይሙ ተመራማሪዎች ስሙን ከየት እንደወሰዱት «ሥርወ ቃል» በሚል አጭር አንቀጽ ይጽፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ናት፣ ከዝርያው መግለጫ አጠገብ ታገኟታላችሁ።